ነጋሪቱ ሲታተም፦ የነጋሪት ጋዜጣ ታሪክ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለዳኞች፣ ለጠበቆች፣ ለመምህራንና ለታሪክ ወዳጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ አባቶችና እናቶች፤

ከዳኝነት ወንበር አጠገብ ሆኜ በሬጅስትራርነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ነጋሪት ጋዜጣ የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ቁጥሩን አላውቀውም። በየብይኑና በየማመልከቻው ይገባል፤ እንደ ማኅተም ሁሉ ዓይን የለመደው ነገር ነው። ስሙን ቆም ብዬ ያሰብኩት ግን ዘግይቼ ነው። ጋዜጣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነው፣ የኅትመት ልጅ ነው። ነጋሪት ግን የእኛው ነው። በግእዝ ነገረ ማለት ተናገረ፣ አስታወቀ ማለት ሲሆን፣ ነጋሪት በሴት አንቀጽ የምትናገረዋ፣ የምታስታውቀዋ ማለት ነው፤ ከበሮዋም ስሟን ያገኘችው ከሥራዋ ነው። እንግዲህ በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕጉን የሚያትምበትን ወረቀት ሲሰይም የከበሮዋን ስም አንሥቶ ለወረቀቱ ሰጠው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ የስም ውርስ ነው። ስም የወረሰ ዕዳም ይወርሳልና፣ ወረቀቱ ከነጋሪቷ ምን ዓይነት ዕዳ ተቀበለ፣ ከፈለውስ ወይ የሚለውን ነው አብረን የምናየው።

ነጋሪት በቆዳ የተለጎመ፣ በበቅሎ ጀርባ ግራና ቀኝ ተጭኖ የሚሄድና የሚጎሰም ከበሮ ነው። ለማን እንደሚመታና ስንት ሆኖ እንደሚመታ የሹመትን ደረጃ ያሳይ ነበር፤ ነጋሪት ተሰጠው ከተባለ ሰውየው በስሙ ማዘዝ ተፈቀደለት ማለት ነው። ይህ አገር የዚያን ድምፅ በሚገባ ያውቀዋል። ከዚህ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላችሁ አንኮበርንና አንጎለላን ስታስቡ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእነዚህ ከፍታዎች ሆነው ሸዋን ሲያስተዳድሩ ትእዛዛቸው ወደ መንዝ፣ ወደ ተጉለት፣ ወደ ቡልጋና ወደ ይፋት የሚወርደው በነጋሪትና በአዋጅ ነጋሪ አፍ እንደነበር አስታውሱ። አዋጁ የሚነገረው ሰው በሚበዛበት በገበያ ቀን ነው። ነጋሪቷ ስትመታ ገዢውም ሻጩም ዝም ይላል፣ አዋጅ ነጋሪው ይናገራል፣ በመጨረሻም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል።

ይህችን የመጨረሻ ቃል እንድታጤኗት እለምናችኋለሁ። እኛ የሕግ ሰዎች ስለ ሕግ መታወጅ ስንናገር የመንግሥትን ግዴታ ብቻ እናስባለን። የነጋሪቷ ሥርዓት ግን የማሳወቁን ሥራ ለሰሚውም ያካፍለዋል፤ በገበያው የቆመው ገበሬ ወደ ቀዬው ሲመለስ ሕጉን ተሸክሞ የሚሄድ መልእክተኛ ይሆናል። ሕጉ በእግር ይጓዛል፣ በጎረቤት አፍ ይደርሳል፣ አልሰማሁም የሚለውም ሰው እገሌ ነግሮሃል ተብሎ ምስክር ይቆጠርበታል።

ከእነዚያ አዋጆች ሁሉ የሸዋ ሰው በቃሉ የሚያውቀው አንድ አለ፤ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ ያስነገሩት የክተት አዋጅ። እንደ ጀግንነት ጥሪ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ እኔ ግን ዛሬ እንደ ሕግ ጽሑፍ አንብቡት እላችኋለሁ። ምክንያቱን አስቀድሞ ይናገራል፦ አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት መጥቷል። ግዴታውን እንደየሰው አቅም ይለያል፦ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በኀዘኑ ይርዳ። ቅጣቱን ያስታውቃል፣ በመሐላም ያጸናል፦ «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም።» በመጨረሻም ተፈጻሚ የሚሆንበትን ሰው፣ ቦታና ጊዜ ይወስናል፦ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ።» መግቢያ፣ ግዴታ፣ መቀጮና የተፈጻሚነት ወሰን፣ ዛሬ ሕግ አርቃቂ የሚደክምበት ነገር ሁሉ በጥቂት መስመር ውስጥ ተቀምጧል። ለጆሮ የተሠራ ስለሆነ ደግሞ አንዴ የሰማው አይረሳውም።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። በቃል የተነገረ ሕግ ከገበያ ገበያ ሲሻገር ቃሉ ይለዋወጣል። በላ ልበልሃ ተባብሎ የሚሟገት ሰው አዋጁን ሲጠቅስ ባላጋራው እንዲህ አልተባለም ቢለው የሚዳኝ ጽሑፍ የለም፤ አዋጁ በጽሑፍ ቢኖርም በቤተ መንግሥት ጸሐፊ እጅ እንጂ በሸንጎው ፊት አይደለም። አገሩ ሲሰፋ፣ የውጭ ነጋዴና ቆንሲል ሲበዛ፣ ግብርና ቀረጥ በቁጥር መወሰን ሲጀምር፣ የሚታይና የሚጠቀስ ጽሑፍ የግድ አስፈለገ።

ወደዚያ የወሰደው መንገድ አጭር አልነበረም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከመጀመሪያዎቹ መሥሪያ ቤቶች አንዱ የጽሕፈት ሚኒስቴር ሆነ፤ በዘመናት የንጉሥን ቃል ሲጽፍና ማኅተሙን ሲጠብቅ የኖረው ጸሐፌ ትእዛዝ የሚኒስትርነት ወንበር አገኘ። በአዲስ አበባ አእምሮ የተባለው ጋዜጣ መታተም ጀምሮ ነበር፤ በኋላም በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ድጋፍ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመና ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. በዚያው ስም የሚጠራው ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጣ። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ለኅትመት ከደከሙት የዚያ ትውልድ ሰዎች በግንባር የሚጠሩ ናቸው። በእነዚህ ጋዜጦች ላይ የመንግሥት ማስታወቂያና አዋጅ ይወጣ ነበር። ይሁንና አዋጁ በጋዜጣ ቢወጣም ባይወጣም አዋጅነቱ ያው ነበር፤ ሕጉን ሕግ የሚያደርገው ኅትመቱ አልነበረም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ከወጣ በኋላ ቢሆን ሕግ ብቻ የሚታተምበት፣ ቁጥርና ዓመት ያለው ይፋዊ ጋዜጣ አልነበረንም። ከዚያም ወረራው መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ አገሪቱ ነፃ ወጥታለች ቢባልም አስተዳደሩ ላይ የእንግሊዝ ጦር እጁን አኑሮ ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል የኢትዮጵያን መንግሥት ሥልጣን ሲያረጋግጥ፣ በሌላ ወገን የእንግሊዝ አማካሪዎችና ዳኞች በመንግሥቱ ሥራ ውስጥ እንዲቀመጡ አደረገ። ከዚያ ውል በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ የነጋሪት ጋዜጣ 1ኛ ዓመት ቁጥር 1 ወጣ። በውስጡም አዋጅ ቁጥር 1 ራሱን ጋዜጣውን የሚያቋቁም ነበር። ሁለቱ ቀኖች መቀራረባቸው ድንገት ነው ብዬ አላምንም። ሥልጣኑ የራሱ መሆኑን ለማሳየት የሚፈልግ መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ ሕግ የሚያወጣው እኔ ነኝ ማለት አለበት፤ ይህንንም በወረቀት፣ በቀንና በቁጥር፣ የውጭ ዳኛም ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ማለት አለበት። እንግሊዞችስ ቢሆኑ ከ1665 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንጉሣቸውን ቃል በይፋዊ ጋዜጣ ሲያወጡ የኖሩ ናቸውና ነገሩ ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም።

ገጹን በዓይነ ልቡናችሁ ሳሉት። ከላይ ስሙ በትልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ዓመቱ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና አዲስ አበባ የሚለው የቦታ ስም አለ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ ዓምድ አማርኛው፣ በሌላው እንግሊዝኛው ይወርዳል። አዋጁ የሚጀምረው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» በሚለው ነው። ይህ መግቢያ ከአዋጅ ነጋሪው አፍ የተወሰደ ያህል ነው፤ መጀመሪያ ማን እንደሚናገር ይታወቃል፣ ከዚያ ቃሉ ይከተላል። በመጨረሻ ደግሞ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል የምትለው ሐረግ ትመጣለች፣ ከሥሯም የጽሕፈት ሚኒስትሩ ስም። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የሚነበበው ስም ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነው። እኚህ ሰው የቡልጋ ተወላጅ ናቸው። ለአገሬ ሰው አድልቼ አይደለም የማነሣው፤ የንጉሡን ቃል በብዕር መጠበቅ ከዚህ ምድር ልጆች ጋር የቆየ ትስስር እንዳለው ስለማምን ነው።

በጋዜጣው የሚወጣው ሕግ በአራት ስም ይጠራ ነበር፤ አዋጅ፣ ድንጋጌ፣ ትእዛዝና የሕግ ክፍል ማስታወቂያ። የመጀመሪያው ዓመት አጭር ነው፣ ከመጋቢት እስከ ዘመን መለወጫ ድረስ ብቻ፤ የተሸከመው ግን ከባድ ነው። የፍርድ ቤቶች አቋም በአዋጅ ቁጥር 2 ተወሰነ። ባርነትን የሚያስቀረው አዋጅ ቁጥር 22 በነሐሴ ወጣ። በዚያው ወር የጠቅላይ ግዛቶች አስተዳደር በድንጋጌ ቁጥር 1 ተደነገገ፤ ሸዋም ከ12ቱ ጠቅላይ ግዛቶች አንዱ ሆነ። የመሬት ግብር አዋጁም ከዚሁ ዓመት ነው፤ በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለም ጠፍ 10 ብር፣ ጠፍ 5 ብር ተቆረጠ።

በዚህች በግብሯ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ። አያቴ የመርሐቤቴ ገበሬ ነበሩ፤ ነጋሪት ጋዜጣ የሚባል ወረቀት በዓይናቸው አላዩም፣ ቢያዩትም ማንበብ አይችሉም ነበር። መሬታቸው ለም ጠፍ ተብሎ መጻፉን ግን እንደ ልጆቻቸው ስም ያውቁታል። የግብር ደረሰኛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በአገልግል ውስጥ አስቀምጠው፣ ከፋሲካ ልብሳቸው በላይ ይጠብቁት ነበር። አዋጁን ከየት ሰሙት ብዬ አባቴን ስጠይቃቸው የነገሩኝ እንዲህ ነው፦ ወረቀቱ ወደ ገዢው ቤት ይመጣል፣ ጸሐፊው ያነበዋል፣ ጭቃ ሹሙ ይሰማል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ጭቃ ሹሙ ይናገራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጋዜጣው ከታተመ በኋላም በመርሐቤቴ ሕጉን ያደረሰው አፍ ነው። ልዩነቱ አዋጅ ነጋሪው የንጉሥ ሰው ሆኖ በገበያ ፊት በግልጽ ሲናገር፣ ጭቃ ሹሙ ግን ግብሩን የሚሰበስበው ራሱ መሆኑ ነው። ሕጉን የሚናገረውና በሕጉ የሚጠቀመው አንድ ሰው ሲሆን፣ ሰሚው የተባለውን ከተጻፈው ጋር የሚያመሳክርበት መንገድ ያስፈልገዋል። መንገዱ ወረቀቱ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ በገዢው ቤት ተቆልፎበታል።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 149 ሲወጣ የጋዜጣው ቦታ ከፍ አለ። ሁለቱ ምክር ቤቶች የተስማሙበትና ንጉሠ ነገሥቱ የፈረሙበት ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲወጣ ተደነገገ፤ ምክር ቤቱ በማይሰበሰብበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያወጧቸው ድንጋጌዎችም የሕግ ኃይል የሚያገኙት በዚሁ ጋዜጣ ሲወጡ ሆነ። በዚህ መንገድ ንጉሡ ራሳቸው በወረቀቱ ታሰሩ፤ ቃላቸው በቤተ መንግሥት ቢነገርም በጋዜጣው ካልወጣ እንደ ሕግ አይጠቀስም። የዘውዱ ሥልጣን ምን ያህል ሰፊ እንደነበር አውቃለሁ፣ ይህች ማሰሪያ ቀጭን መሆኗንም እንደዚያው። ሆኖም ዳኛ የሆነ ሰው የሚይዘው ማስረጃ በመኖርና ባለመኖሩ መካከል ያለውን ርቀት ያውቃልና፣ ትንሽ ነገር ናት ብዬ አላልፋትም።

ቀጥለው የመጡት ታላላቆቹ ሕጎች ናቸው። የወጡበትን ቀን ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ቀን ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በድል ቀን። 3367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ወጣና መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጸና። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓል ቀን ወጣ። ሕጉ በዓል ለብሶ እንዲወጣ ተደረገ ማለት ነው። ብዙዎች ይህንን ለንጉሡ ክብር የተደረገ ብቻ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ደግሞ የነጋሪቷ ልማድ ርዝራዥ ሆኖ ይታየኛል፤ አዋጅ ሰው በተሰበሰበበት ቀን ይነገራልና።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን በመውጫውና በመጽኛው ቀን መካከል ያለው ጊዜ ነው። ተራው አዋጅ በታተመበት ቀን ይጸናል፤ አዲስ አበባ ጠዋት የወጣ ወረቀት መንዝ ላይ ያለውን ሰው በዚያው ቀን ያስገድደዋል። ለወንጀለኛ መቅጫው ግን ዘጠኝ ወር፣ ለፍትሐ ብሔሩ አራት ወር ተሰጠ። አርቃቂዎቹ ሕግ ለመነበብ ጊዜ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር፤ ይህንን አስተዋይነታቸውን ከልቤ አከብራለሁ። ነገር ግን አራት ወር ለማን ይበቃል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3347 በሕጉ ውስጥ በተመለከቱ ጉዳዮች ላይ ከዚያ በፊት የነበረው ደንብ፣ የተጻፈም ይሁን በልማድ የጸና፣ በግልጽ ካልተጠበቀ በቀር መሻሩን ይናገራል። ስለ ዋስና ተያዥ፣ ስለ ውልና ስለ ውርስ የአገር ሽማግሌ ከአባቱ የተቀበለው ልማድ ሁሉ በአንዲት አንቀጽ ተነሣ። በዚያ ክረምት ሽማግሌዎቹ በዋርካ ሥር ተቀምጠው እንደ ድሮው ያስታርቁ ነበር፤ የሚዳኙበት ልማድ መስከረም 1 ቀን እንደሚያልፍ የነገራቸው ካለ በጣም ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሥራ ስጀምር የቆዩት ጋዜጦች በዓመት በዓመት ተጠርዘው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። የ19ኛውን ዓመት ጥራዝ፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ያለበትን፣ አንድ ቀን ስከፍተው ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ስለ ውርስ የሚናገሩት ገጾች ከነጭራሹ የሉም። አልተቀደዱም፣ በምላጭ ተቆርጠዋል። ማን እንደቆረጣቸው አልታወቀም። እኔ ግን ቆራጩን ሰው ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ ምናልባት ቅጂ የሌለው ጠበቃ ነው፣ ምናልባት ባላጋራው እንዳያነብ የፈለገ ተሟጋች ነው። ለብዙ ሺህ ሰው አንድ ጥራዝ ብቻ በሚደርስበት አገር አንድ ምላጭ ሕግን ሊሰውር ይችላል። ነጋሪቷ ብትቀደድ ቃሏ በሰሚዎቿ ዘንድ ይቀር ነበር።

ስለ ሁለቱ ዓምዶችም ዝም ብዬ አላልፍም። የአማርኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ ትርጉም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አዋጆች የእንግሊዝ አማካሪዎች እጅ አለባቸው፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ረቂቅ ደግሞ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ ነው ተብሎ በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ሳለ፣ የአውራጃው ዳኛ አማርኛውን ብቻ ሲያነብ፣ አዲስ አበባ ያለው የሕግ ባለሙያ ግን ሐሳቡን ከሌላው ዓምድ ሲፈልግ ኖሯል። ቢሆንም እነዚያ ተርጓሚዎች ያደረጉት ነገር ታላቅ ነው። ዋስን ዋስ ብለው፣ ውልን ውል ብለው፣ ከሸንጎው የለመድነውን ቃል ባዕድ ለሆነው ሐሳብ ማደሪያ አድርገው፣ ዛሬ በችሎት የምንናገረውን አማርኛ አቆሙልን።

የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነጋሪት ጋዜጣ የሚያበቃው በራሱ ገጽ ላይ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረደው አዋጅ የታተመው በዚያው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። አዲሱ መንግሥት የአዋጁን ቁጥር እንደገና ከ1 ጀመረ፤ የጋዜጣውን ዕድሜ ግን አልነካም፤ በገጹ አናት ላይ 34ኛ ዓመት ቁጥር 1 ይላል። ዘውዱን የሻረው ወረቀት ዓመቱን የሚቆጥረው ዘውዱ ከስደት ተመልሶ ሕግ ማተም ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ነው።

በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በሬዲዮ ተነገረ። አያቴ በዚያ ጊዜ ሸምግለው ነበር፤ ሬዲዮ ያለው የጎረቤት ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ከፍ አድርጎ ከፈተው፣ ሰውም በግቢው ሞልቶ ቆሞ ሰማ። የሰሙት እየሮጡ ላልሰሙት ነገሩ። አያቴ ወደ ቤት ገብተው አገልግሉን አወረዱ፣ ደረሰኞቻቸውን አንድ በአንድ አውጥተው አዩአቸው፣ መልሰውም ጠቀለሉአቸው። አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 31፣ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ሚያዝያ 21 ቀን፣ ከ56 ቀን በኋላ ነው።